የተረሳን ሰው የሕይወት ዱካ ከመዛግብት ማፈላለግ፦ ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በጽሑፍም ሆነ በቃል ከሚቀርቡልን የመረጃ ጥያቄዎች መካከል አንደኛው ዐይነት በየትኛውም የአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ ራሱን ችሎ አይገኝም። ተገልጋዩ የሚፈልገው ፈቃድ ወይም የምስክር ወረቀት ሳይሆን ሰው ነው። በ1950ዎቹ ለሥራ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ሄዶ የቀረ አባት፣ ለዘመቻ ወጥቶ ያልተመለሰ ወንድም፣ ስሟ እንጂ የትውልድ መንደሯ የማይታወቅ አያት፣ ልጇ በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር የተወሰደባት እናት ሊሆኑ ይችላሉ። ጠያቂዎቹም የተለያዩ ናቸው። የውርስ ክርክር ያለባቸው፣ የጡረታ መብት የሚጠይቁ፣ በውጭ አገር ሆነው ዝምድናቸውን በሰነድ ማረጋገጥ የሚገባቸው አሉ። ምንም ዐይነት ጥቅም ሳይሹ የቤተሰባቸውን ሰው መጨረሻ ለማወቅ ብቻ የሚመጡም ጥቂት አይደሉም።

ይህ ማብራሪያ እንዲህ ላለው ፍለጋ የትኞቹ መዛግብት እንደሚጠቅሙ፣ ከየት መጀመር እንደሚገባና የሕጉ መብትና ገደብ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ተዘጋጅቷል። ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በአገራችን ሁኔታ ሰውን በስሙ ብቻ መፈለግ አብዛኛውን ጊዜ ውጤት አያስገኝም። ውጤት የሚያስገኘው ሰውዬው ከመንግሥት ጋር የተገናኘበትን ቦታና ጊዜ መፈለግ ነው፤ ይህም ማለት ቤት ያስመዘገበበትን፣ ደመወዝ የተቀበለበትን፣ የከሰሰበትን ወይም የተከሰሰበትን፣ ትምህርት ቤት የገባበትን ጊዜ ማለት ነው። መዝገብ ቤቶች የተደራጁት በሥራ ክፍል፣ በቦታና በዓመት እንጂ በሰዎች ስም ስላልሆነ፣ ስም ብቻ ይዞ የሚመጣ ተገልጋይ ባዶ እጁን የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የልደትና የሞት መዝገብ ለምን አይገኝም

በርካታ ተገልጋዮች በመጀመሪያ የሚጠይቁት የልደት መዝገብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት የክብር መዝገብ እንዲኖር በዝርዝር ደንግጎ ነበር። ሆኖም ሕጉ ራሱ በመጨረሻዎቹ አንቀጾቹ የክብር መዝገብን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ እስኪታወጅ ድረስ በሥራ ላይ እንዳይውሉ አደረገ። በዚህም ምክንያት ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የሰዎች ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ ሳይመዘገብ ቆየ። ወሳኝ ኩነት ምዝገባንና የብሔራዊ መታወቂያን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ከወጣ በኋላ፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. አንሥቶ ነው።

ስለዚህ ከዚያ በፊት የኖረ ሰው የልደት መዝገብ ባይገኝ ሰውዬው አልነበረም ወይም ቤተሰቡ ያቀረበው ቃል እውነት አይደለም ማለት አይደለም። ይህን በግልጽ መናገር የሚያስፈልገው አንዳንድ ተገልጋዮች «መዝገቡ የለም» የሚል መልስ ሲሰጣቸው ጉዳያቸው እንደተዘጋ ቆጥረው ስለሚመለሱ ነው። በአዲስ አበባና በአንዳንድ ከተሞች ማዘጋጃ ቤቶች ከ2008 ዓ.ም. በፊትም የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ይሰጡ ስለነበር፣ ሰውዬው የከተማ ነዋሪ ከነበረ የማዘጋጃ ቤቱን የቀድሞ መዝገብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከከተማ ውጭ ለነበረው ብዙኃን ግን የሚቀሩት የቤተ ክርስቲያን የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጋብቻና የውርስ መዝገብ፣ እንዲሁም የምስክሮች ቃል ናቸው። የእድር መዝገብም አይናቅ። የመንግሥት ሰነድ ባይሆንም አባሉ መቼ እንደገባ፣ ማን ማን እንደሞተበትና የቀብር ክፍያው ለማን እንደተሰጠ ተጽፎበት የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ መዝገብ ቤት ከመሄድዎ አስቀድሞ

ፍለጋው የሚጀመረው ከቤት ነው። አሮጌ ደብዳቤዎች፣ የግብር ደረሰኞች፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የፎቶግራፍ ጀርባ ጽሑፍ፣ የጸሎት መጽሐፍ ሽፋን ላይ የተጻፈ ቀን፣ በዕድሜ የገፉ ዘመዶች ቃል፣ ሁሉም ሳይመረጥ ይሰብሰብ። ከዚህ ውስጥ ይበልጥ የሚፈለጉት ስሙ በምን ዐይነት ፊደል ሊጻፍ እንደሚችል፣ የነበረበት ዘመንና የኖረበት ቦታ የቀድሞ አጠራር ናቸው።

ስምን በሚመለከት፣ የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አብረው መቅረብ አለባቸው። አንድ ሰው ግን ከአንድ በላይ ስም ሊኖረው ይችላል። የክርስትና ስሙ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የመጠሪያ ስሙ በቅጥር ደብዳቤ፣ የፈረስ ስሙ ወይም የማዕረግ ስሙ በፍርድ ቤት መዝገብ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። በሌላ ቋንቋ የወጣ ስም በአማርኛ ጸሐፊ ጆሮ ተለውጦ የተጻፈበት፣ አንዳንዴም ሠራተኛው በመሥሪያ ቤት ሌላ ስም የያዘበት ጊዜ ብዙ ነው። ሞክሼ ፊደላትም ትልቅ መሰናክል ናቸው። ዓለማየሁና አለማየሁ፣ ፀጋዬና ጸጋዬ፣ ኃይሉና ሀይሉ በፊደል ተራ በተዘጋጀ ማውጫም ሆነ በኮምፒዩተር ፍለጋ ለየብቻ ስለሚቀመጡ ሁሉንም አጻጻፍ መሞከር ግድ ነው። ገብረ መድኅን በ«ገ/መድኅን»፣ ወልደ ጊዮርጊስ በ«ወ/ጊዮርጊስ» ተቆርጦ ሊመዘገብ እንደሚችልም አይዘንጋ። ሴቶች ሲያገቡ የአባታቸውን ስም ይዘው የሚቆዩ በመሆኑ በጋብቻ ምክንያት ዱካቸው አይጠፋም፤ ይህ ለፈላጊው መልካም ነገር ነው። በሌላ በኩል በቀድሞ የቤትና የመሬት መዝገብ ላይ ንብረቱ ብዙ ጊዜ በባል ስም ብቻ ይያዝ ስለነበር፣ ሴትን የሚፈልግ ሰው የባሏንና የአባቷን መዝገብ ጭምር ማየት ይኖርበታል።

ዘመንን በሚመለከት፣ ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረት ባያስታውሱ እንኳ የሚሰጡት ፍንጭ ብዙ ጊዜ ከሚገመተው በላይ ትክክል ነው። ለአብነት ያህል፣ አንዲት እናት ልጇን የወለደችው «ከማይጨው ዘመቻ በፊት፣ በዘመነ ሉቃስ» እንደሆነ ትናገር ነበር ቢባል፣ የማይጨው ጦርነት የተደረገው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በመሆኑና 1928 ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር፣ ቅርቡ ዘመነ ሉቃስ 1927 ዓ.ም. ነው። ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለሱ ስሕተት ቢኖር እንኳ የሚቀጥለው ሊሆን የሚችለው 1923 ዓ.ም. ብቻ ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከውጭ ኩባንያዎችና ከሚሲዮን ትምህርት ቤቶች የተገኘ ሰነድ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ በመሆኑ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነቱ መታሰብ አለበት። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ሰነድ ደግሞ በሂጅራ ሊሆን ይችላል።

ቦታን በሚመለከት፣ በቤተሰብ እጅ ያለው አድራሻ ዛሬ በሥራ ላይ የሌለ ሊሆን እንደሚችል ይገመት። ጠቅላይ ግዛት ክፍለ ሀገር፣ ክፍለ ሀገር ክልል ሆኗል፤ አውራጃ የሚባለው እርከን ቀርቷል። በአዲስ አበባ «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» የሚሉት አድራሻዎች በ1995 ዓ.ም. 10 ክፍለ ከተሞች ሲደራጁ ተለወጡ፤ ኋላም ቀበሌዎቹ በወረዳ ተተኩ፤ በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ አሥራ አንደኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ተጨመረ። አድራሻ ሲለወጥ ፋይሎችም ከቢሮ ወደ ቢሮ ተዛውረዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ሰው መዝገብ አለው ወይ?» ሳይሆን «የቀድሞው የእገሌ ከፍተኛ፣ የእገሌ ቀበሌ ሰነዶች ዛሬ በየትኛው ወረዳ ይገኛሉ?» የሚል ሊሆን ይገባል።

ቤት፣ ደመወዝና ክርክር

በከተማ ለኖረ ሰው ከሁሉ የሚሻለው መነሻ ቤት ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ፣ ባለቤቶች ቤታቸውን እንዲያስመዘግቡ ተደርጓል። ከዚያም ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች ድርጅት አስተዳደር ሥር ዋሉ። የኪራይ ቤቶቹ ሰነዶች ዛሬ ከፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ይጠየቃሉ። በቤት ፋይል ውስጥ የባለቤቱ ስም ብቻ ሳይሆን የተከራዩ፣ ተከራዩ ሲሞት ውሉ የተዛወረለት የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ፣ የአቤቱታ ደብዳቤዎችና የቤተሰብ ቁጥር ጭምር ሊገኙ ይችላሉ። አንድ ሰው ከቤቱ ሲለቅ ወደየት እንደሄደ የሚገልጽ ደብዳቤ የሚገኘውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ፋይሉ የሚከፈተው በሰው ስም ሳይሆን በቤት ቁጥር በመሆኑ፣ የቤት ቁጥሩን የሚያስታውስ የቀድሞ ጎረቤት ማግኘት ትልቅ ዕድል ነው።

ደመወዝ ለተከፈለው ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው የጡረታ ፋይል ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ከወጣ ጀምሮ በመንግሥት ሥራ ላይ የነበረ ሰው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ሞልቷል። ቅጹ ስሙ እንደሚያመለክተው የሰውን ሕይወት ባጭሩ ይይዛል። የትውልድ ቦታና ዘመን፣ የወላጆች ስም፣ የትዳር ሁኔታ፣ የልጆች ስምና ዕድሜ፣ የቀድሞ ሥራ ይጻፍበታል። በጡረታ አሠራር የሠራተኛው ዕድሜ የሚቆጠረው መጀመሪያ በተቀጠረ ጊዜ በሞላው ቅጽ መሠረት በመሆኑ፣ ቅጹ በጥንቃቄ ይጠበቃል። ሆኖም የተጻፈው ዘመን ሠራተኛው የገመተው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በልደት ዓመት ረገድ ቅጹና የቤተሰብ ቃል በጥቂት ዓመታት ቢለያዩ ሰውዬው ሌላ ነው ብሎ መደምደም አይገባም፤ የወላጅና የልጆች ስም መመሳሰሉ የበለጠ ክብደት አለው። ፋይሉን ለማግኘት የሰውዬው የመጨረሻ መሥሪያ ቤት መታወቅ አለበት። መሥሪያ ቤቱ ፈርሶ ወይም ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ከሆነ ሰነዶቹን የተረከበው ተቋም ይጠየቃል።

በባቡር ለሠሩት ጉዳዩ በመጠኑ ይለያል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋን ከመሠረተና በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የተቀጠሩት ሠራተኞች ስም በፈረንሳይኛ ፊደል የተጻፈ ነው። ስሙ በላቲን ፊደል በምን በምን መልክ ሊጻፍ እንደሚችል አስቀድሞ ፈረንሳይኛ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተመካክሮ መዘርዘር ብዙ ድካም ያስቀራል።

የፍርድ ቤት መዝገብ ሌላው ጥሩ ምንጭ ነው። ሰው በሰላም ሲኖር ጥቂት ይጻፍለታል፤ ሲካሰስ ግን ጎረቤቶቹ፣ ዘመዶቹ፣ መሬቱና ዕዳው ሁሉ በዝርዝር ይጻፋሉ። የውርስ መዝገብ በተለይ የወራሾችን ስም ዝርዝር ስለሚይዝ አንድን ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ሊያሳይ ይችላል። የመዝገብ ቁጥር ለማይታወቅበት ጉዳይ አዲስ ዘመን ጋዜጣ መፍትሔ ይሆናል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ይህ ጋዜጣ የፍርድ ቤት መጥሪያዎችንና የወራሽነት ማስታወቂያዎችን ሲያወጣ ስለኖረ፣ በማስታወቂያው ላይ የፍርድ ቤቱ ስምና የመዝገብ ቁጥሩ ይገኛሉ። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ሹመት ያገኘ ሰው ከሆነ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡት የነጋሪት ጋዜጣ እትሞች ይታዩ። የቆዩ ጋዜጦችን በኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍትና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት መመልከት ይቻላል። ኑዛዜ፣ ውክልናና የሽያጭ ውል የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ዘንድ ይጠየቃሉ።

ወታደር ለነበረ ሰው ክፍሉና የመለያ ቁጥሩ ከስሙ ይበልጥ ያስፈልጋሉ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ጦር ከ6 ሺህ በላይ አባላት ስለነበሩትና ከነዚህም ከ120 በላይ ስለሞቱ፣ «ኮሪያ ዘምቶ ነበር» የሚለው ቃል ብቻ ለፍለጋ አይበቃም፤ በስንተኛው ሻለቃ እንደሄደ መታወቅ አለበት። አንድም የቃኘው ወታደር ስላልተማረከ ግን «ተማርኮ ቀረ» የሚል የቤተሰብ ታሪክ ካለ ሌላ ማብራሪያ መፈለግ ይገባል።

ከባሕር ማዶ የተገኘች አያት

አንዲት ገጽ ጽሑፍ ለአንድ ሰው ዱካ ምን ያህል እንደምትበቃ ከሚያሳዩት ታሪኮች አንዱ የቢሾ ጃርሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ በባርነት የተሸጡ ሰዎችን ጭነው ወደ ዐረብ ጠረፍ ያቀኑ ጀልባዎችን ያዘች። ነጻ የወጡት ከ200 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። ወደ ኤደን ተወስደው ከፊሎቹ በከተማዋ አቅራቢያ ለነበረው የስኮትላንድ ሚሲዮን ተሰጡ። የቦታው አየር ስላልተስማማቸውና ብዙዎች ስለታመሙ፣ እ.ኤ.አ. በ1890 ከመካከላቸው 64ቱ በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ትምህርት ቤት ተዛወሩ።

ሚሲዮናውያኑ በዚያ ጊዜ ያደረጉት አንድ ነገር ለኋለኛው ፍለጋ መሠረት ሆነ። ልጆቹን እያንዳንዳቸውን ጠይቀው ቃላቸውን ጻፉ። የአባትና የእናት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ማን እንደወሰዳቸውና እንዴት፣ በስንት ሰው እጅ እንዳለፉ፣ በየት በየት በኩል ወደ ባሕር እንደደረሱ ተመዘገበ። ልጆቹ አደጉ፤ ከፊሎቹ በወጣትነታቸው ሞቱ፤ ከፊሎቹ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ፤ ሌሎቹ እዚያው ትዳር መሠረቱ። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሳንድራ ሮዎልት ሼል የተባሉ ደቡብ አፍሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያና የታሪክ ተመራማሪ እነዚያን ቃሎች መነሻ አድርገው የ64ቱንም ሕይወት ተከታተሉ፤ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ ታትሟል። ቢሾ ጃርሳ ከነዚያ ልጆች አንዷ ነበረች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር የአፓርታይድን ሥርዓት ከታገሉት አንዱ ሲሆኑ በሮበን ደሴት ለ10 ዓመት ታስረዋል፤ በኋላም በቋንቋ ምሁርነታቸው ታውቀዋል።

ይህ ታሪክ ለአገልግሎት ፈላጊ የሚጠቅመው በሦስት ነገር ነው። በመጀመሪያ፣ ጥናቱ የተካሄደው 64ቱን እንደ አንድ ቡድን በመያዝ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲፈለግ የማይገኘው፣ አብረውት የተጓዙት፣ የተቀጠሩት ወይም የታሰሩት ሰዎች ሲፈለጉ ሊገኝ ይችላል። የአያትዎን ስም በመዝገብ ካጡት አብረዋቸው የነበሩትን ሰዎች ስም ይዘው ይሞክሩ። ሁለተኛ፣ በኢትዮጵያ ምንም ጽሑፍ ያልተገኘለት ሰው በሄደበት አገር በሰፊው ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ በወረራው ዘመን ወደ ጣሊያን የተጋዙ፣ በየመንና በሱዳን የኖሩ፣ በሚሲዮን በኩል አውሮፓ የሄዱ ሰዎች ሁኔታም እንዲሁ ነው። ሦስተኛ፣ እነዚያ የውጭ ሰነዶች ዛሬ የማንጠቀምባቸውን የብሔረሰብና የቦታ መጠሪያዎች ስለሚጠቀሙ፣ የዘመኑን አጠራር ሳያውቁ በካታሎግ መፈለግ አይቻልም። መጠሪያው ቢያስከፋም ለፍለጋ ሲባል መታወቅ አለበት።

በሁከት ዘመን ለጠፉ ሰዎች

በደርግ ዘመን፣ በተለይም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተወሰዱና ያልተመለሱ ሰዎች ቤተሰቦች እስከ ዛሬ ጥያቄ ያቀርባሉ። እዚህ ላይ ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር አለ። ይህ ዘመን ብዙ ሰነድ ትቷል። የእስር ዝርዝሮች፣ የምርመራ ቃሎችና «እርምጃ እንዲወሰድ» የሚሉ ትእዛዞች በፊርማና በማኅተም ተጽፈው ነበር። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሥራ ወንጀለኞችን መክሰስ ብቻ ሳይሆን የተፈጸመውን ለታሪክ መመዝገብም ስለነበር፣ እነዚህን ሰነዶች ሰብስቦ ለፍርድ ቤት አቅርቧል። በዋናዎቹ ተከሳሾች ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው።

ቤተሰቡ የሚፈልገው ሰው ስም በክሱ ዝርዝር ወይም በማስረጃነት በቀረበ ሰነድ ላይ ተጠቅሶ ከሆነ፣ የተያዘበትን ቦታና የሞተበትን ጊዜ ማወቅ ሊቻል ይችላል። ጥያቄው ሲቀርብ ሰውዬው የተያዘበት ከፍተኛና ቀበሌ፣ የታሰረበት ቦታ ቢታወቅ፣ እንዲሁም ወሩ መጠቀስ አለባቸው። በመስቀል አደባባይ የሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም ለቤተሰቦች መረጃ ሊሆን የሚችል ስብስብ አለው። በነዚህ ሰነዶች የሚነበበው ነገር ከባድ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ መናገር ተገቢ ነው። ጠያቂው ብቻውን ባይመጣ ይመረጣል።

በጉዲፈቻ ለተለያዩ

ጉዲፈቻ ለውጭ አገር ዜጎች እንዳይሰጥ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ከመከልከሉ በፊት ወደ ውጭ የሄዱ ልጆች ዛሬ አድገው ወላጆቻቸውን ይፈልጋሉ፤ ወላጆችም ይፈልጓቸዋል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት መጽደቅ ስለነበረበት መዝገብ ተከፍቷል። በመዝገቡ የልጁ የቀድሞ ስም፣ የተገኘበት ወይም የተሰጠበት ቦታና ስምምነት የሰጠው ሰው ማንነት ይገኛል። ልጁ በውጭ አገር ስሙ ስለተለወጠ ፍለጋው በቀድሞ ስሙና ጉዲፈቻው በጸደቀበት ዓመት ይካሄዳል። ይህ ቀን በውጭ አገር ባሉት የኢሚግሬሽን ሰነዶች ላይ ስለሚጻፍ ከዚያ ማግኘት ይቻላል።

መብትና ገደብ

ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተረጋግጦለታል። ጥያቄው በጽሑፍም በቃልም ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሊቀርብ ይችላል፤ መልሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ምክንያቱ መገለጽ አለበት፤ በምክንያቱ ያልተስማማ ጠያቂ አቤቱታውን እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ ማድረስ ይችላል። ጥያቄውን በጽሑፍ ማቅረብና የገቢ ቁጥር መቀበል ይመከራል፤ በቃል የቀረበ ጥያቄ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይረሳል።

መብቱ ግን ገደብ አለው። የሌላ ሰው የግል መረጃ በሕግ የተጠበቀ በመሆኑ ጠያቂው ዝምድናውን ወይም የሕግ ጥቅሙን እንዲያስረዳ ይጠየቃል። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች የተሞሉ የግለሰብ ቅጾች በሕግ ምስጢር ስለሆኑ ለቤተሰብ ፍለጋ አይሰጡም። ይህን ለማግኘት የሚደረግ ሙከራ ጊዜ ማባከን ነው።

መዝገቡ ዝም ሲል

ሁሉም ተሞክሮ ምንም ባይገኝ ሕጉ መንገድ አስቀምጧል። በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 154 መሠረት አንድ ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤቱ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ማመልከት ይችላል። ውሳኔው ለትዳር ጓደኛና ለወራሾች የሕግ ውጤት ስላለው፣ ያለ ሰነድ ለዓመታት የተንጠለጠሉ የቤትና የውርስ ጉዳዮች በዚህ መንገድ ሊፈቱ ይችላሉ። በመዛግብት የተደረገው ፍለጋ እዚህም ከንቱ አይሆንም። ከየመሥሪያ ቤቱ የተሰጡ «አልተገኘም» የሚሉ ደብዳቤዎች ፍለጋው በቅን ልቦና መካሄዱን ያስረዳሉና ተጠብቀው ይቆዩ።

ሰነድ ሲገኝ ግልባጩ በማኅተም እንዲረጋገጥና የፋይሉ ቁጥርና ገጽ በላዩ እንዲጻፍ ይጠየቅ። ቁጥሩ ካልተጻፈ ሌላ ቅጂ ሲያስፈልግ ፍለጋው ከመጀመሪያው ይደገማል። በሁለት ሰነዶች ላይ የስም ወይም የዘመን ልዩነት ካለ በራስ እጅ ማስተካከል ሰነዱን ዋጋ ያሳጣዋል፤ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጠው ፍርድ ቤት ነው። ለውጭ አገር የሚላክ ሰነድ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ይኖርበታል።

የተፈለገው ሰው በሕይወት የሚገኝበት ጊዜም አለ። በዚህ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ አድራሻውን ለጠያቂው አሳልፎ አይሰጥም፤ መገናኘቱ የሁለቱም ፈቃድ መሆን አለበትና። ጠያቂው ደብዳቤ ጽፎ እንዲደርስለት ማመልከት ይችላል። ደብዳቤው አጭር ቢሆን፣ የጸሐፊው ማንነትና ዝምድናው በመጀመሪያው መስመር ላይ ቢገለጽ፣ የሚመለስበት ስልክና አድራሻም በግልጽ ቢጻፍ መልካም ነው።